ሐራምና እርም፦ የአንድ ሥር ጉዞ በሴም ቋንቋዎች

በአማርኛ የቃላት ጥናት ሥር የሰደደ ልማድ አለ። ዐረብኛ የሚመስል ቃል በተገኘ ቁጥር «ከዐረብኛ የመጣ» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። «ሐራም»ን በተመለከተ አባባሉ ትክክል ነው፤ ቃሉ ከእስልምና ጋር ገብቶ፣ ከ«ሐላል» ጋር ተጣምሮ በሥጋ ቤቱም በገበያውም የሚነገር ውሰት ነው። «እርም»ን ግን ከዐረብ አልተበደርነውም። ሁለቱም ሐ-ረ-መ ከሚለው ጥንታዊ የሴም ሥር የወጡ እኩያሞች ናቸው።

ዝምድናቸውን የጋረደው የድምፅ ለውጥ ነው። ግእዝ «ሐረመ» ይላል፤ ከለከለ፣ ለየ፣ እርም አለ ማለት ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል «ሐረሰ» አረሰ፣ «ሐመመ» አመመ፣ «ሐዘነ» አዘነ እንደሆነ ሁሉ «ሕርም»ም እርም ሆነ። ዐረቡም ማረስን «ሐረሠ» ስላለ የእኛ ገበሬ ቃሉን ከዐረብ ተዋሰ የሚል የለም። ለእርምም ያው ፍርድ ይገባዋል።

ሥሩ በብዛት ያፈራው በዐረብኛ ነው፤ ፍሬዎቹም መጀመሪያ ሲታዩ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። ሐራም ክልክል ነው። የመካው ታላቅ መስጊድ ደግሞ «አል-መስጂድ አል-ሐራም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ቃሉ የተከበረ፣ የተቀደሰ ማለት ነው። መካና መዲና በአንድነት «ሐረመይን» ናቸው። ሙሐረም የሂጅራ ዓመት የመጀመሪያው ወር ሲሆን ጦርነት ከተከለከለባቸው አራት ወሮች አንዱ ነው። ለጋብቻ የማይፈቀድ የቅርብ ዘመድ «መሕረም» ይባላል። ሐጅ አድራጊው ወንድ ሁለት ያልተሰፉ ጨርቆች ለብሶ «ኢሕራም» ሲገባ አደን፣ ጠጉርና ጥፍር መቁረጥ፣ ሽቶ መቀባት ይከለከላል። እነዚህ ነገሮች በሌላ ጊዜ ነውር የለባቸውም፤ የተከለከሉት ሰውየው ለፈጣሪው ስለተለየ ነው። ስለዚህ «ቅዱስ» እና «ክልክል» ሁለት ትርጉሞች አይደሉም፤ አንድ አጥር ከውስጥና ከውጭ ሲታይ ነው። የቤቱ የሴቶች ክፍል የሆነው «ሐሪም»ም መነሻው ባዕድ የማይገባበት ክብር ነበር፤ በቱርክ በኩል አውሮፓ ሲደርስ ነው የሥጋ ምኞት መጠሪያ የሆነው። (የግብፅ ፒራሚዶች በዐረብኛ «አህራም» ቢባሉም የዚህ ሥር ዘመዶች አይደሉም፤ የእነሱ በሃሌታው ሀ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በፊደላችን ተለይተው መቆየታቸው ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።)

ዕብራይስጡ «ሔሬም» ግን አስፈሪ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ ኢያሪኮ ከነንብረቷ ለእግዚአብሔር ተለይታ እንድትጠፋ ትሰጣለች፤ ከእርሙ የሰረቀው አካንም በሞት ይቀጣል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ላይ «እርም» ማለቱ ቃሉን ከወንድም ቃሉ ጋር ማገናኘቱ ነው። ሐሳቡ የእስራኤል ብቻም አልነበረም፦ በ1868 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በዲባን በተገኘው ሐውልት ላይ የሞዓቡ ንጉሥ ሞሳ ናባውን ይዞ ሕዝቧን ለአምላኩ ለአሽታር-ካሞሽ እርም እንዳደረገ በዚሁ ሥር ይናገራል። ሔሬም በኋላ ከማኅበር ማውገዝ ሆነ፤ በ1656 የአምስተርዳም አይሁድ ፈላስፋውን ስፒኖዛን የለዩት በዚህ ስም ነው። የዛሬው ዕብራይስጥ ማዕቀብንና አድማን እንዲሁ ይጠራል።

ወደ ቀይ ባሕር ስንመጣ ማጥፋቱ ይቀርና ማክበሩ ይጎላል። በሳባ ጽሑፎች «መሕረም» ቤተ መቅደስ ነው፤ በማሪብ የሚገኘውን የአልመቃህ መቅደስ የአገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ «መሕረም ቢልቂስ» ይሉታል። በአክሱም ደግሞ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ የግሪክኛው ቅጂ አምላኩን አሬስ ብሎታል። የስሙን ሥር ብዙ ሊቃውንት ከዚሁ ከሐ-ረ-መ ጋር ያያይዙታል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። ንጉሡ ክርስቲያን ሲሆን ማሕረም ከጽሑፎቹ ጠፋ። ሥሩ ግን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ሕርመት» ተብሎ በጾምና በተባሕትዎ ስም ቀጠለ።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱን ጨመረ፤ ይህንንም በሌሎቹ ቋንቋዎች አላገኘሁትም። እርም ከሐዘን ጋር ተሳስሯል። ዘመዷ የሞተባት ሴት መርዶው እስኪነገራት ድረስ የምትበላው እርም ነው ይባላል። ስለዚህም ነው ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው የሚያረዷት፤ ልጇ ዐረብ አገር ወይም አሜሪካ ቢሞትም መርዶው በስልክ ሳይሆን በሰው አፍ እንዲደርስ የሚጥሩት። አልቅሳ ስትጨርስ «እርሟን አወጣች» ይባላል። ሬሳው ላልተገኘ ሰው የሚለቀሰው ልቅሶም እርም ማውጣት ነው። ከዚያ ተስፋ መቁረጥም በዚሁ ይነገራል፤ «ሁለተኛ አልሄድም፣ እርም!» የሚለው መሐላም ከዚያው ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ሁለቱንም ቃላት ሳያምታታ ይጠቀማል፦ የእሪያ ሥጋ ሐራም ነው፤ መርዶ ያልሰማች እህቱ ግን እርም እንዳትበላ ይሰጋል። «እርም»ን በ«ሐራም» ሥር እንደ ውሰት የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት ይህችን እህት የሚያስገባበት ቦታ አይኖረውም።