ኩባንያ ማቋቋምን በገለጻ ማስተማር

እ.ኤ.አ. በ2014 መጸው በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ስታርታፕ አጀማመር አንድ ኮርስ ተሰጥቶ ነበር። ያዘጋጀው ሳም አልትማን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን በገንዘብና በምክር የሚደግፈው የዋይ ኮምቢኔተር ፕሬዚዳንት ነበር። የኮርሱ ሃያ ገለጻዎች በዩቲዩብ ያለ ክፍያ ተለቀዋል። ተማሪዎቻችን ስለዚህ ነገር ደጋግመው ስለሚጠይቁን እኔም ሃያውን በተራ ተመለከትኋቸው፤ የተመለከትኋቸው ግን በነጋዴ ዓይን ሳይሆን በመምህር ዓይን ነው።

በነፃ መሰጠቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍል የተሳካለት ሰው ቆሞ እንዴት እንደተሳካለት የሚናገርበት ነው። ቤቱ ሆኖ የሚያዳምጠው ወጣት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ቢሳሳት የሚያርመው ግን የለም። ስለ ሕግና ስለ ሒሳብ የሚያወሳው አሥራ ስምንተኛው ክፍል ኩባንያው በዴላዌር ግዛት እንዲመዘገብ ይመክራል። ይህ ለደሴ ወይም ለጅማ ተማሪ ምን ይረባዋል? ጥፋቱ የኮርሱ አይደለም፤ ለእነርሱ አልተዘጋጀምና። ጥፋቱ ሳንመርጥ «ሁሉንም እዩ» ብለን የምናሰናብታቸው የእኛ የመምህራን ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ እጩ መምህር የመማሪያ መጻሕፍት ማዋዋሻ የስልክ ፕሮግራም ለመሥራት አስቦ ቢያማክረኝ ወደ ኮርሱ መራሁት። ከሳምንታት በኋላ ደብተሩን በእንግሊዝኛ ምክሮች ሞልቶ መጣ። መጽሐፍ የሚዋዋስ አንድም ሰው ግን አላነጋገረም ነበር።

አሥራ ስድስተኛው ክፍል ከሌሎቹ ይለያል። መምህሩ ኤሜት ሺር ትዊችን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ትዊችን በዚያው በ2014 አማዞን ገዝቶታል። ሺር ግን ስላልሰመረለት ሥራም ይናገራል። ከጓደኛው ጋር ኪኮ የሚባል የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ሠርተው ነበር፤ በ2006 በኢቤይ ጨረታ በ258,100 ዶላር ተሸጠ። የቀን መቁጠሪያ የሚጠቀሙ ሰዎችን ቀርበው ሳያነጋግሩ መሥራታቸውን አይሸሽግም። ከዚያም ከአድማጮቹ መካከል ሰው ወደ መድረክ ጠርቶ በክፍል ውስጥ ማስታወሻ ስለ መያዝ ይጠይቃል። ምን ዓይነት ፕሮግራም ይሠራልህ ብሎ አይነሣም፤ ዛሬ ማስታወሻ የሚያዘው እንዴት እንደሆነ፣ ችግሩም የት ላይ እንደሆነ ያውጣጣል። እኛ በማስተማር ልምምድ ጊዜ «ሠርቶ ማሳየት» የምንለው ይኸው ነው። ጉድለት አይጠፋውም፤ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የቆመ ተጠያቂ እንደ ልቡ አይናገርም። ቢሆንም ተመልካቹ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ በዓይኑ ያያል፤ በማግስቱም ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

እጩ መምህሩን መልሼ ጠራሁትና ይህን አንድ ክፍል ብቻ አብረን አየን። ከዚያም አምስት ጓደኞቹን እንዲያነጋግር ላክሁት። የመለሰልኝ ወረቀት አንድ ገጽ አይሞላም። ሦስቱ የነገሩት ችግራቸው መጽሐፍ ማግኘት ሳይሆን ያዋሱት መጽሐፍ አለመመለሱ እንደሆነ ነው። ፕሮግራሙን ገና አልጀመረም፤ አሁን የሚጠይቀው የተዋሱ መጻሕፍት ለምን እንደማይመለሱ ነው።