«ሁለት እጅ ይመስላል»፦ ለግራ እጅ ስለተጻፉ የፒያኖ ሥራዎች

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለመጣው ዘመናዊ ኪነ ጥበብ በተጻፈ ቁጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለስብርባሪው ነው፤ ለተቆራረጠው ግጥም፣ ነባር ቅርጹን ለጣለው ሥዕል፣ ከቆየው የቃና ሥርዓት ለወጣው ሙዚቃ። በዚያው ዘመን ለግራ እጅ ብቻ ተብለው የተጻፉት የፒያኖ ሥራዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተነሱ የሚነሱት በጨረፍታ ነው፤ ያውም ክንዱን ያጣ ሰው እንዴት እንዳልተበገረ ለመተረክ። ጽናቱ እውነት ነው፤ ሙዚቃው ግን በጽናቱ ታሪክ ተሸፍኖ በቅጡ ሳይደመጥ ቀርቷል። አድናቂዎቹ የሚሰጡት ሙገሳም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁለት እጅ ይመስላል»። ይህ ሙገሳ ሥራዎቹን በድሏቸዋል ባይ ነኝ። እርስ በርስ የማይመሳሰሉትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ይሰፍራቸዋልና፤ ሚዛኑም «ጉዳቱን ምን ያህል ደበቀው?» የሚል ነው።

የፓውል ቪትገንሽታይን ታሪክ ብዙ ስለተባለለት አላረዝመውም። በ1887 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪየና ውስጥ በብረት ኢንዱስትሪ ከናጠጠ ቤት ተወለደ፤ ፈላስፋው ሉድቪግ ታናሽ ወንድሙ ነው። በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ መድረክ ወጣ። በዓመቱ ዘመተና ፖላንድ ውስጥ ቆስሎ ተማረከ፤ ቀኝ ክንዱም ተቆረጠ። ሳይቤሪያ፣ ኦምስክ ባለው የምርኮኞች ሰፈር በሣጥን ላይ የፒያኖ ቁልፎችን በከሰል ሥሎ ይለማመድ ነበር። በ1915 መገባደጃ በምርኮኞች ልውውጥ ተመለሰ፤ በ1916 ዓይነ ስውሩ መምህሩ ዮሴፍ ላቦር ለግራ እጅ የጻፈለትን ይዞ እንደገና ታዳሚ ፊት ቀረበ። ከዚያ ወዲያ የወረሰውን ሀብት ይዞ የዘመኑን ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያን በር አንኳኳ፦ ኮርንጎልድን፣ ሂንደሚትን፣ ፍራንዝ ሽሚትን፣ ሪቻርድ ሽትራውስን፣ ራቬልን፣ ፕሮኮፊየቭን፣ በኋላም ብሪተንን።

ከዚህ ታሪክ ይልቅ ረጋ ብለን ልናየው የሚገባን አጨዋወቱን ነው። ግራ እጅ በፒያኖ ላይ ሲዘረጋ አውራ ጣቱ በቀኝ፣ ማለትም በቀጭኑ ድምፅ በኩል ይውላል። ዜማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከላይ፣ በቀጭኑ በኩል ነው። ስለዚህ ከጣቶቹ ሁሉ ጉልበተኛው ዜማውን ይሸከማል፣ ትንሿ ጣት ወፍራሙን ድምፅ ከሥር ትመታለች፣ ሦስቱ መካከሉን ይሞላሉ። ቀኝ እጅ ብቻውን ቢቀር ነገሩ ይገለበጣል፤ ዜማው ከሁሉ ደካማ በሆነችው በትንሿ ጣት ላይ ይወድቃል። ለአንድ እጅ ከተጻፉት ሥራዎች የግራው እጅግ የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብራምስ የባኽን ሻኮን ለግራ እጅ ሲያዘጋጅ፣ ስክሪያቢንም በ1894 ለግራ እጅ ሲጽፍ ይህን ያውቁ ነበር፤ ጦርነቱ የፈጠረው ብልሃት አይደለም።

ቀጥሎ የእግር ሥራ አለ። እጁ ከታች አንድ ወፍራም ኖታ መትቶ ወደ ላይ ሲዘል፣ የቀኙ ፔዳል የተመታውን ድምፅ እንደያዘ ያቆየዋል። እጁ ከዚያ ሄዷል፤ ድምፁ ግን አለ። ታችኛውንና ላይኛውን አገናኝቶ «ሁለት እጅ» የሚለው የአድማጩ ጆሮ ነው። ፔዳሉ ሳይለቀቅ ከዘገየ ያለፈው ስምምነት ከሚመጣው ጋር ይዘበራረቃል፤ ቀድሞ ከተለቀቀ ዜማው መቆሚያ አጥቶ አየር ላይ ይቀራል። የግራ እጅ ተጫዋች ችሎታ ግማሹ ቀኝ እግሩ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሞሪስ ራቬል በ1929 እና በ1930 የጻፈው ኮንቸርቶ የዚህ ጥበብ ጣሪያ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። 18 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ወጥ ሥራ ነው። በቼሎዎቹና በባሶቹ ጉርምርምታ ላይ ኮንትራ-ባሱን የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከጥልቁ ብቅ ይላል፤ ኦርኬስትራው ቀስ በቀስ እየገዘፈ ይሄዳል፤ ከዚያ ፒያኖው ከቁልፎቹ ግርጌ ተነሥቶ ለብቻው ረጅም ይናገራል። በመካከሉ የወታደር ሰልፍና ጃዝ እርስ በርስ የሚገፋፉበት ክፍል አለ። ራቬል አየር ኃይል ልግባ ብሎ ሳይሳካለት የቀረ፣ በመጨረሻም በቬርደን አካባቢ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ያንን ሰልፍ በወሬ አላወቀውም።

ዓላማውንም አልደበቀም። ለሁለት እጅ ከተጻፈ የማይለይ ድምፅ እንዲሰማ ፈለገ፤ ሆነለትም። ቅሬታዬ ከዚሁ ይነሣል። በ1920ዎቹ የአውሮፓ ጎዳናዎች እጅና እግራቸውን ባጡ ወጣቶች ተሞልተው ነበር። ሰው ሠራሽ አካል የሚሠሩ ባለሙያዎች እነዚህን ሰዎች ወደ ሥራ ለመመለስ ሲደክሙ፣ ከበጎው ሐሳብ ጋር ሌላ ምኞት ተዳብሎ ነበር፦ ጉዳቱ እንዳይታይ፣ ጦርነቱም እንዲረሳ። ሠዓሊው ኦቶ ዲክስ በ1920 አካላቸው የጎደለ አራት ወታደሮችን በሰልፍ ሥሎ በርሊን በተከፈተው የዳዳ ዐውደ ርእይ ላይ ሲያቀርብ ይህን ምኞት ፊት ለፊት ተጋፈጠው። ሆኖም ዲክስም ቢሆን እንዲታዩ አደረጋቸው እንጂ ከእነሱ የሚወጣ አንዳች ሥራ አላሳየንም፤ ከሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ሊሳለቅባቸው ወይም ሊያዝንላቸው ይችላል፣ ሊያደንቃቸው ግን ምክንያት አይሰጠውም። ራቬል በተቃራኒው የተሟላ ችሎታ ሰጠ፤ የጎደለውን ግን ከጆሮ አራቀው። ኮንቸርቶውን ሳያይ የሚያዳምጥ ሰው በተጫዋቹ አካል ላይ አንዳች ነገር መድረሱን ሳይጠረጥር ሊጨርሰው ይችላል።

ይህን ብዬ ስለ መጨረሻው ካዴንዛ፣ ፒያኖው ለብቻው ስለሚጫወትበት ክፍል፣ ዝም ማለት አልችልም። ኦርኬስትራው ጸጥ ይላል፤ እጁ ከታች እየተነሣ በማዕበል ይመላለሳል፤ አውራ ጣቱ ከእያንዳንዱ ማዕበል ጫፍ ላይ አንድ አንድ የዜማ ኖታ ያስቀምጣል፣ በኖታና በኖታ መካከልም እንደገና ወደ ታች መውረድ አለበት። እዚያ ቦታ ላይ ማታለሉ ያበቃል። የሚሰማው አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ርቀት ሲመላለስ ነው። ለእኔ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለፒያኖ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚበልጥ የለም፤ ቅሬታዬም እዚህ ሲደርስ ይረግባል።

ራቬል በመጨረሻ የደረሰበትን የሙዚቃ ደራሲው ሌኦሽ ያናቼክ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይዞታል፤ ስለ እሱ ሥራ የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ቼካዊው ፒያኒስት ኦታካር ሆልማን በጦርነቱ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ከጥቅም ውጭ ሆኖበት ነበር። ያናቼክን ጻፍልኝ ብሎ ሲጠይቀው መልሱ በመጀመሪያ አመንቺ ነበር፤ በ1926 ግን፣ በ72 ዓመቱ፣ «ካፕሪቾ»ን ጻፈለት። የመረጣቸውን መሣሪያዎች እንይ፦ አንድ ፍሉት፣ ሁለት ትራምፔት፣ ሦስት ትሮምቦን፣ አንድ ቴነር ቱባ። ቫዮሊን የለም፣ ቼሎ የለም። ለአንድ እጅ የሚሳሳ ደራሲ ከጎኑ ሦስት ትሮምቦን አያቆምም። ያናቼክ አውቆ ነው ያቆማቸው። ባለ ክር መሣሪያዎች ቢኖሩ ከፒያኖው ሥር ምንጣፍ ያነጥፉለት ነበር፤ የነሐሶቹ ድምፅ ግን ክፍተቱን አይሞላም፣ ያጎላዋል። ፒያኖው አጭር ሐረግ ተናግሮ ይቆማል፤ ትሮምቦኖቹ ይመልሱለታል ወይም ያቋርጡታል፤ እጁ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከነድካሙ ይሰማል። ራቬል በፔዳል የሸፈነውን ዝላይ ያናቼክ የምቱ አካል አደረገው። ሙዚቃው እንባ አይለምንም፤ ቁጣ አለበት፣ ጨዋታ አለበት፣ እልህ አለበት። «ሁለት እጅ ይመስላል» የሚለውን ሙገሳ ይዞ የሚመጣ አድማጭ ከ«ካፕሪቾ» ፊት የሚለው ያጣል፤ ሥራው የተዘነጋውም በዚህ ይመስለኛል።

ቪትገንሽታይንን በተመለከተ ግን የኪነ ጥበብ ባለውለታ ብሎ ማለፍ አይበቃም። በገንዘቡ ያስጻፈውን ለራሱ ብቻ የመጫወት መብት በውል ይዞ ነበር። የራቬልን ሥራ በ1932 ለሕዝብ ሲያቀርብ ኖታውን እንደ ፈቀደ ለዋውጦት ከደራሲው ጋር ተቀያይሟል። የፕሮኮፊየቭን አራተኛ ኮንቸርቶ በ1931 ተቀብሎ አልገባኝም ብሎ ተወው። ሂንደሚት በ1923 የጻፈለትንም አልተጫወተውም፤ ኖታውን ግን ለሌላ ሰው አላሳየም። ያ ሥራ ከቪትገንሽታይን ቤተሰብ እጅ የተገኘው በ2002 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውም በ2004 በርሊን ላይ፣ ቀኝ እጁ በሕመም ለረጅም ዘመን አልታዘዝ ባለው በፒያኒስቱ በሊዮን ፍላይሸር ጣቶች ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ የዚግፍሪድ ራፕ ጉዳይ ነው። ራፕ ጀርመናዊ ፒያኒስት ነው፤ ቀኝ ክንዱን የወሰደበት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሥራዎቹን ለመጫወት እንዲፈቅድለት ለቪትገንሽታይን ጻፈ፤ የከፈልኩበት የእኔ ነው የሚል እምቢታ መጣለት። ያንን ጥያቄ ከማንም በላይ ሊረዳው የሚችል ሰው በዓለም ላይ ቢኖር ቪትገንሽታይን ነበር። ራፕ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ የፕሮኮፊየቭን ኖታ አግኝቶ ደራሲው ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1956 በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማው። ኮንቸርቶው ከራቬል አጠገብ ሲቆም ያንሳል፤ ከቪትገንሽታይን መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ሥራ ግን አልነበረም።

ዛሬ እነዚህን ሥራዎች ማንም ሊጫወታቸው ይችላል፤ በመድረክ ላይ የሚደጋገመው ግን የራቬሉ ብቻ ነው። «ካፕሪቾ» የሚፈልገው አንድ ፒያኒስትና ሰባት ነፊዎችን ነው፤ ሙሉ ኦርኬስትራ በሌለው ከተማ እንኳ ሊቀርብ የሚችል ሥራ ነው። በአንድ ምሽት እሱ ቀድሞ ራቬል ቢከተል አድማጩ የመጨረሻውን ካዴንዛ ሲሰማ እጁ የት የት እንደሚመላለስ አስቀድሞ ያውቃል።