የዛር ፈረስና የአካል ሕክምና

መከራ የተደራረበበት ሰው ከሰው መካከል ተቀምጦ ሳለ ከራሱ ሲለይ ይታያል፤ አካሉ ይደነዝዛል፥ የሆነውን ይረሳል፥ አንዳንድ ጊዜም በሌላ ድምፅ ይናገራል። በምሥራቅ ጎጃም፥ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ በምትገኘው በደብረ ወርቅ፥ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፥ እንዲህ ያለችውን ሴት «ለከፋት» ወይም «ዛር ሰፈረባት» ይሏታል። በውጭ አገር ደግሞ ይህን ሕመም በቃል ብቻ ሳይሆን በአካል በኩል ማከም ይገባል የሚሉ ሐኪሞች ተነሥተዋል። ስለዚህ «ይህማ ከጥንት በእኛ ዘንድ ያለ ነው» የሚል አሳብ ይሰማል። እኛም አሳቡ እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ ልንመረምር ወደናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ዣኔ በ1889 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከባድ ድንጋጤ የአእምሮን አንድነት እንደሚከፋፍል አስረድቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የሚሠራው ሐኪም ቤሴል ቫን ደር ኮልክ፥ መከራ በትዝታ ብቻ ሳይሆን በእስትንፋስ፥ በጡንቻና በልብ ምት እንደሚኖር የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት እርሱና ባልደረቦቹ በ64 ሴቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ዐሥር ሳምንት ዮጋ ከሠሩት 31 ሴቶች 16ቱ ከሕመሙ መለኪያ በታች ሆኑ፤ የጤና ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው 29 ሴቶች ግን እንዲህ የሆኑት 6 ናቸው። ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ከመሆኑም በላይ፥ ዮጋው የተሰጠው ለሌላ ሕክምና ተጨማሪ እንዲሆን እንጂ ምትክ እንዲሆን አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ስለ ዛር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ሁለቱን እናነሣለን። ሚሼል ሌሪስ በ1932 ዓ.ም. በጎንደር ከባለዛሮች ዘንድ ተቀምጦ ያየውን በ1958 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ፤ ነገሩንም በሕይወት የሚኖሩት ቴያትር አድርጎ ተመለከተው። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ቆጥሮ ጻፈ፤ ዛሩ አይባረርም፥ ይለመናል፤ ሴቲቱም ባለማኅበር ሆና ከባሏ ዘንድ ተሰሚነት ታገኛለች አለ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን አንዱ ትርኢቱን፥ ሌላው ማኅበሩን አጉልቶ ሲመለከት፥ የሴቲቱ አካል በሁለቱም ዘንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከከበሮውና ከማጓራቱ በኋላ እንቅልፍ ታገኛለችን? የሆነባትን ታስታውሳለችን? ድንጋጤዋስ ይቀንሳልን? ለሐኪም ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በአዲሱ ሕክምና በሽተኛው እግሩ መሬት መርገጡን፥ እስትንፋሱ መውጣት መግባቱን በጥቂት በጥቂቱ እንዲያስተውል ይረዳል፤ ፍርሃት ቢነሣበት ያቆማል፤ ማቆምም መብቱ ነው። በዛር ግን ሰውዬው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ፈረስ ደግሞ የሚሄደው ጋላቢው ወዳዘዘው ነው። ስለዚህ በአካል መንቀጥቀጥ ሁለቱ ቢመሳሰሉም፥ አንዱ ሰውን ወደ ራሱ ለመመለስ ይሠራል፤ ሌላው ከራሱ መለየቱን ሥርዐትና ስም ይሰጠዋል። ሥርዐትና ስም ማግኘት ቀላል ነገር ነው አንልም፤ ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት ማኅበር ትልቅ መጠጊያ ነው። መዳን ነው ለማለት ግን አንደፍርም።

ጠበልም በአካል በኩል ይሠራል፤ ቀዝቃዛው ውሃ፥ ስግደቱ፥ ጾሙ፥ የምእመናኑ አብሮነት ሁሉ ሥጋን ይነካል። በፈቃዱ የሄደ ሰው መጽናናት ቢያገኝ አያስገርምም። በአንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው በሰንሰለት ታስሮ የሚጠመቅ ሰው ግን፥ ቀድሞ በግድ የደረሰበትን መከራ በአካሉ እንደ ገና ይቀበላል። ሰንሰለቱን የምንነቅፈው እምነቱን በመንቀፍ አይደለም።

በሌላ በኩል፥ የእኛን ልማድ ሁሉ ሕመም ብሎ መጥራትም ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መዝገብ ተደራራቢ መከራ የሚያመጣውን ሕመም ለብቻው አስፍሯል፤ መንፈስ ሰፈረብኝ የሚል ሰውም ነገሩ ያለ ፈቃዱ ሲሆንና ከሕዝቡ ልማድ ውጭ ሲወጣ ብቻ እንደ ሕመም እንዲቆጠር ደንግጓል። መዝገቡም እንደ እኛ ፈቃድን መለኪያ ማድረጉን ልብ ይሏል።

ጉዳዩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። ከነሐሴ ወር 2023 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ የጎጃም ገበሬ ቤት የሚያውቀው ድንጋጤ በአንድ ቀን የሚያልፍ አልሆነም። ለደብረ ወርቅ የሚታሰብ ሐኪም ዛሩን እንደ ተረት ንቆ፥ ጠበሉን እንደ ባላጋራ ቆጥሮ ቢመጣ ሰሚ አያገኝም፤ ሁሉንም «የአካል ሕክምና ነው» ብሎ ቢያመሰግንም በሽተኛይቱን ይበድላል። በባለዛሩ ቤት፥ በጠበሉ ቦታና በሐኪሙ ክፍል እኩል ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ይህች ሴት «ይብቃኝ» ብትል የሚያቆምላት አለን?