አምስት ቁልፎች

የመጀመሪያው አይክሊከር ስክሪን የለውም። ከኤ እስከ ኢ ፊደል ያረፈባቸው አምስት ቁልፎች፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ጥቂት አመልካች መብራቶች፤ በቃ። የነደፉት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን ናቸው። ይህን የክፍል ውስጥ መልስ መስጫ ባየሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ ከጨመሩበት ይልቅ የተዉት ነው።

ከእሱ በፊት ብዙዎቹ መሣሪያዎች በኢንፍራሬድ ጨረር ይሠሩ ነበር። ተማሪው ወደ ተቀባዩ ማነጣጠር ነበረበት፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲጫን ደግሞ ምልክቱ ይጋጭ ነበር። አይክሊከር በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ተቀባዩም ምላሽ ይሰጠዋል። መልሱ ከደረሰ አረንጓዴ፣ ካልደረሰ ቀይ ብልጭ ይላል። አረንጓዴው «ደረሰ» እንጂ «ልክ ነው» አይልም፤ ኤን የተጫነም ዲን የተጫነም የሚያየው ያንኑ ብርሃን ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ምን እንደመለሰ ከመብራቱ ሊያውቅ አይችልም። እጅ ማውጣት የሚያስፈራቸውን ልጆች የሚያውቅ ሰው የሠራው ነገር ይመስለኛል። ሐሳቡን የቀየረ ተማሪ መምህሩ መልስ መቀበያውን እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ቁልፍ ይጫናል፤ የሚቆጠርለት የመጨረሻው ነው። ከጎረቤት አዳራሽ ጋር እንዳይደባለቅ ሞገድ መቀየር ቢያስፈልግስ? ማብሪያውን ተጭኖ ይቆይና ሁለት ፊደል ይነካል። ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ቁልፍ የለም።

መሣሪያው ይህን ያህል ቢያምርም ጥያቄው እኩል ካልተበጀ ከንቱ ነው። ጥያቄ በማበጀት የምወደው ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃርቫርድ ተማሪዎቹን እርስ በርስ እያከራከረ ያስተማረውን ኤሪክ ማዙርን ነው። አንዱ ጥያቄው ይህ ነው፦ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ቢሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ይጠብባል ወይስ ባለበት ይቆያል? ቁጥር የለው፣ ቀመር የለው። «ይጠብባል» የሚለው ምርጫ ግን እንዲሁ ለማሟያ አልገባም፤ ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ በትክክል የተማረ ልጅ በዚያው እውቀቱ ተመርቶ የሚሳሳትበት ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ለየብቻ ይመልሳሉ። በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ገደማ ሲሆኑ መምህሩ መልሱን ሳይነግር «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ» ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጫናሉ።

አዳራሹ በጫጫታ ይሞላል። አንዷ ደብተሯ ላይ ቀዳዳውን የከበቡትን አቶሞች በነጠብጣብ ትስላለች፦ ሲሞቁ እርስ በርስ ይራራቃሉ፤ ክቡ እንዲጠብ ግን መቀራረብ ነበረባቸው።