ማውጫው ተዛወረ፥ ጽሑፉስ?

ጽሑፍን በኋላ ለማንበብ ከሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች መካከል እጅግ የታወቀው ፖኬት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ በ2009 ዓ.ም. ሞዚላ ገዝቶት፥ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኦምኒቮር የተባለውም ቀድሞት ተዘግቶ ነበር። ተጠቃሚዎቹም ንብረታቸውን ይዘው እንዲወጡ የጊዜ ገደብ ተሰጣቸው። በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምር ያሰብነው ይህ ንብረት የተባለው ነገር በእውነት ምን እንደ ሆነ ነው።

ፖኬት ለተሰናባቹ ይሰጠው የነበረው ፋይል ሰንጠረዥ ነው፤ በውስጡ ርእሱ፥ አድራሻው፥ የተቀመጠበት ጊዜ፥ ባለቤቱ የሰጠው መለያ ቃልና የመነበቡ ምልክት ይገኛሉ። ጽሑፉ ራሱ ግን የለበትም። ኢንስታፔፐር ወይም ዋላባግ ይህን ፋይል ሲቀበል ወደ እያንዳንዱ አድራሻ እንደ ገና ሄዶ ጽሑፉን ይፈልጋል፤ ገጹ ከጠፋ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ከዐሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ድረ ገጾች ከመቶው 38ቱ አይገኙም። እንግዲህ ክምችቱ ባረጀ መጠን ኪሳራው ይበዛል ማለት ነው።

ድርጅቱ የሌላውን ደራሲ ጽሑፍ የማደል መብት የለውም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ክርክሩ ሚዛን የለውም አንልም። ይሁን እንጂ አንባቢው በስልኩ አስቀምጦ ያነበው የነበረውን ለራሱ ብቻ ይዞ ቢሄድ፥ ከደራሲው የሚጎድል ነገር አይታየንም።

ለጎጃም ተማሪ ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ፥ በደብረ ማርቆስ ሌላ መስመር የሌለው ሰው ሊያነብ የሚችለው አስቀድሞ ያወረደውን ብቻ ነበር። ባዶ አድራሻ አልጠቀመውም።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁታል። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ መጽሐፍ ሊገለብጥ የሄደ ሰው የመጻሕፍቱን ስም ብቻ ጽፎ ቢመለስ ገለበጠ አይባልም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡም፥ ቅጠል በቅጠል ተነሡ እንጂ ዝርዝራቸው ብቻ አልተቀዳም።

ስለዚህ ማከማቻ የሚመርጥ ሰው ከመግቢያው በፊት መውጫውን ይመልከት። በዚህ ሚዛን ዋላባግ ይበልጣል፤ አሠራሩ ለሁሉ ክፍት ነው፥ ጽሑፉንም በኢፐብና በፒዲኤፍ መልሶ ይሰጣል። ነገር ግን የራስን ሰርቨር ማቆም ወይም ኪራይ መክፈል ስለሚጠይቅ፥ ለአንድ ተማሪ አቅም ይከብዳል። ሸክሙን ሊያነሣ የሚገባው የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ቢያቆም፥ የውጭው መስመር በተቋረጠ ቀን እንኳ ተማሪው ያስቀመጠውን በግቢው መረብ ያነባል፤ ሲመረቅም ማውጫውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል።