የሙያ ጽሑፍ ትምህርታችንና የድብ ባሕር ፓምፕ

በዩኒቨርሲቲያችን የሙያ ጽሑፍ ትምህርት፣ ማለት የራፖር፣ የሥራ ደብዳቤና የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ፣ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በምህንድስና ክፍል ቴክኒካል ሪፖርት ራይቲንግ ይባላል፤ በሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ ከእንግሊዝኛው ትምህርት ጋር ተጠቃሎ ይሰጣል። ትምህርቱ መጥፎ ነው ለማለት አልተነሣሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የፈጸምሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ረጅሙን ድርሰት ማሳጠርና ደብዳቤን በሥርዓቱ ማሰናዳት ቀደም ብዬ ለምጄዋለሁ፤ ያገኘሁትም ማርክ የሚያሳፍር አልነበረም። የእኔ ሂስ፣ ከዚህ ከወጣን በኋላ የምንጽፈውን ማን ያነበዋል? የሚል ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ በክፍል ውስጥ ሳይሆን በድብ ባሕር ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ከግርጌው የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ዘመድ ጥየቃ ብሄድ፣ የሰፈሩ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎት፣ ሴቶችና ልጆች ከወንዝ ይቀዱ ነበር። ከወንዙ የሚጠጣው ከብትም ጭምር ነውና የሕፃናቱ ተቅማጥ አልቆም ብሏል። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ማመልከቻውን ጻፍልን» አሉኝ። ጻፍሁ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳላፍር ልጥቀሰው፤ «ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደ ተሞከረው በአካባቢያችን የሚገኘው የውኃ ተቋም ተገቢውን አገልግሎት እየሰጠ ባለመሆኑ በሚመለከተው አካል በኩል አስፈላጊው ትኩረት እንዲሰጠው እናሳስባለን።»

አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ይመርምርልኝ። ፓምፕ የሚል ቃል የለበትም። ቀን የለበትም። የተጠማ ሰው የለበትም። ማን ምን እንዲያደርግ እንደ ተለመነም አይታወቅም። ግማሹን የወሰድሁት ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ግማሹ ደግሞ አድራጊው እንዲሸሸግ ሆኖ ከሚጻፈው ከእንግሊዝኛው ራፖር ሳላስበው ወደ አማርኛ የተገለበጠ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጥያቄያችሁ በግልጽ ተብራርቶ ይቅረብ» የሚል መልስ መጣ። በመሥሪያ ቤቱ ተናደድሁ፤ ነገር ግን እውነቱ ከእነርሱ ጋር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ በገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ወደሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ወሰዱኝ። የቤተ ክህነት ተማሪ የነበሩ ስለ ሆኑ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ጽሑፌን አንብበው «ልጄ፣ ይህ የሚለምን ነው ወይስ የሚሰብክ?» አሉኝ። ከዚያም ፓምፑ የት እንዳለ፣ መቼ እንደ ቆመ፣ ስንት ቤተ ሰብ እንደሚቀዳበት ጠይቀው ስድስት መስመር ጻፉ። በሳምንቱ ጠጋኝ መጣ።

የተማረው አፍሮ ያልተማረው አሸነፈ ብዬ ብጨርሰው ደስ ይል ነበር፤ ግን እንዲህ አልሆነም። የኔታ «ፓምፑ ታሟል፤ ውኃ መሳብ አቅቶታል» ብለው ስለ ጻፉ ጠጋኙ የመሰለውን ገምቶ ዘንግ ይዞ መጣ። ያለቀው ግን የመሳቢያው ጎማ ነበር። ዘንጉን ይዞ ተመለሰ። አንድን መሣሪያ በየክፍሉ ለይቶ መግለጽ የተማርሁት እኔ ነበርሁ፤ የዚያን ዕቃ ስም በእንግሊዝኛ ዐውቀዋለሁ፣ በአማርኛ ግን ደንገጥ ብዬ ቀረሁ። የፓምፑ ጠባቂ የሆኑት እናት ከመጀመሪያው ቀን «ጎማው ነው ያለቀ» ይሉ ነበር። የኔታም እኔም አልጠየቅናቸውም።

ይህ ትምህርት በሌላ አገር ሲጀመር ምን ይመስል ነበር? በአሜሪካ ሳሙኤል ቻንድለር ኧርል ስለ ቴክኒክ ጽሑፍ መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ በእንግሊዝ አገር ሰር ኧርነስት ጋወርስ የመንግሥት ሠራተኛ በቀላል ቃል እንዲጽፍ የሚያስተምረውን መጽሐፍ በግምጃ ቤቱ ጠያቂነት በ1948 አሳተመ። የኧርል ተማሪም ሆነ የጋወርስ ጸሐፊ የሚጽፈው አለቃውና ባላገሩ በሚያነቡት ቋንቋ ነው። እኛ የወሰድነው መልኩን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎ ክልሎች የየራሳቸውን እንዲወስኑ ፈቅዷል፤ የአማራ ክልልም የሚሠራው በአማርኛ ነው። እንግዲህ ከዚህ ተመርቆ ወረዳ የሚገባ መሐንዲስ ወይም የጤና መኮንን ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ዕቃ የሚጠይቀው፣ ወረርሽኝ የሚያስታውቀው ማንም ባላስተማረው አጻጻፍ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት፣ በ1958፣ ወባ በአገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ለገበሬው ስለዚያ በሽታ መንገር የነበረበት ሰው ትርጉሙን ራሱ እየፈለገ ነው።

አንዳንድ መምህራን «አማርኛ ለቴክኒክ ቃል የለውም» ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ የጻፈው መጽሐፍ ከታተመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባወጡት ዝክረ ነገር የመሬት ሥሪትና የግብር ዝርዝር ሞልቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ወጥቷል። እርግጥ ብዙ ቃሉ ከግእዝ የተወለደ ስለ ሆነ ሠራተኛው አፍ ላይ አልገባም፤ ሕዋስና ንጥረ ነገር ግን በትምህርት ቤት መጽሐፍ በኩል ገብተዋል። የጎደለን ከመዝገበ ቃላቱና ከጠባቂዋ ቃል መካከል መርጦ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህን የሚያለማምድ ክፍል አላየሁም።

እንግሊዝኛው ይቅር አላልሁም፤ የዓለምን ጥናት የምናነበው በእርሱ ነው። የምጠይቀው፣ በዚያው ትምህርት ውስጥ ተማሪው ቢያንስ አንዱን ራፖር በሚሠማራበት ቦታ የሥራ ቋንቋ እንዲጽፍ፣ ከማርኩም በፊት ራፖሩ የሚመለከተው ሠራተኛ አንብቦ «ምን ላምጣ?» ሳይል ሥራውን መጀመር ይችል እንደ ሆነ እንዲፈተን ነው።

በድብ ባሕር ሦስተኛውን ደብዳቤ ከየኔታና ከፓምፑ ጠባቂ ጋር ሆነን ጻፍነው። ዘጠኝ መስመር ሆነ። «ጎማ» የሚለውን ቃል እኔ በሌላ ልለውጠው ብዬ ነበር፤ ጠባቂዋ እንቢ አሉ። ጠጋኙ ጎማውን በኪሱ ይዞ መጣ።