ደመናውን ያዩት ሽማግሌ

የቪአር መነጽር አድርጋችሁ የማታውቁ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፦ መነጽሩን ስታጠልቁት ያላችሁበት ክፍል ይጠፋል። ፊልሙ ከፊታችሁ ግድግዳ ላይ አይደለም፤ ዙሪያችሁን ይከባችኋል። ራሳችሁን ወደ ግራ ብታዞሩ በግራ ያለውን፣ ወደ ኋላ ብትዞሩ ከኋላችሁ ያለውን ታያላችሁ። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላ ይረሳሉ። አንዱ ግን እኔን አልለቀቀኝም። ስሙ «ኮሊዥንስ» ይባላል፤ «ግጭቶች» እንደ ማለት ነው። አውስትራሊያዊቷ ሊኔት ዎልዎርዝ ከማርቱ ሕዝብ ጋር ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2016 አቀረበችው።

ታሪኩ የኒያሪ ኒያሪ ሞርጋን ነው፤ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ የሚኖረው የማርቱ ሕዝብ ሽማግሌ ናቸው። በ1950ዎቹ፣ ወጣት ሳሉ፣ ከነጮቹ ዓለም ጋር ገና አልተዋወቁም ነበር። በዚያ ዘመን ብሪታንያ የኑክሌር ቦምቧን የምትሞክረው በአውስትራሊያ ምድር ነው፦ በ1952 በሞንቴቤሎ ደሴቶች፣ በ1953 በኢሙ ፊልድ፣ ከ1956 ጀምሮ በማራሊንጋ። በረሃው ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ባዶ ግን አልነበረም። ኒያሪ ከሩቁ ዓለም ጋር የተገናኙት በሰላምታ ሳይሆን በፍንዳታ ነው። ከምድር የተነሣውን ግዙፍ ደመና ሲያዩ አማልክቶቻቸው ሊያናግሯቸው የተነሡ መሰላቸው። ካንጋሮዎች ወድቀው ሲያገኙም ያለ ድካም የተሰጠ ስጦታ ነው ብለው በሉ። ከዚያ ሰዎች ታመሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በሕብረታችን ስለዚህ ፊልም ስናወራ የመጀመሪያው አስተያየት «ምስኪኖች፣ ቦምብን አምላክ አደረጉት» የሚል ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ የደመናውን ዓምድ ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች «አማልክት» የሚል ቃል ስንሰማ ለመፍረድ እንፈጥናለን። ፊልሙ ግን ጣቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል። ደመናው ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት እነማን ነበሩ? በ1985 ሪፖርቱን ያቀረበው የአውስትራሊያ የምርመራ ኮሚሽን ለአገሬው ተወላጆች ደኅንነት የተደረገው ጥንቃቄ በቂ እንዳልነበረ ደምድሟል። ሽማግሌው የሰማይን ድምፅ ለመስማት ዝግጁ ሆነው ቆመው ነበር፤ የመጣላቸው ግን ቦምብ ነው። ያን ቀን ማን እንደ በደለ ለመናገር አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ፍንዳታው በአኒሜሽን ነው የተሠራው። በዚያ ስፍራ ያኔ ካሜራ የያዘ ማርቱ አልነበረምና ሌላ አማራጭም የለም። አንዳንዱ አኒሜሽን ለዓይን ስለሚያምር ክፋቱን ይሸፍነዋል የሚል ስጋት ነበረኝ። አልሸፈነውም። የምታዩት ኒያሪ ያዩትን፣ የምትረዱትም ያኔ እርሳቸው በተረዱበት መንገድ ነው፤ ውበቱ የእርሳቸው አድናቆት ነው፣ እናንተ ግን መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ያን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ይከብዳል።

ከዚህ አንድ ዓመት በፊት የወጣውን «ክላውድስ ኦቨር ሲድራ» የተባለውን ፊልም ምናልባት ታውቁት ይሆናል። ዮርዳኖስ ውስጥ በዛታሪ የስደተኞች መጠለያ የምትኖር የ12 ዓመት ሶርያዊት ልጅ ታሪክ ነው። ለዩኒሴፍ የእርዳታ ማሰባሰቢያም ውሏል። ከሠሪዎቹ አንዱ ክሪስ ሚልክ በ2015 ባደረገው ንግግር ቪአርን ርኅራኄን የሚፈጥር ማሽን አድርጎ አቅርቦታል። እኔ አልተቀበልሁትም። ማሽን የሚፈጥረው ርኅራኄ መነጽሩ ሲወልቅ አብሮ ይወልቃል። «ኮሊዥንስ»ን የሚለየው መሣሪያው አይደለም። ዎልዎርዝ ከዚያ በፊት ከማርቱ ሴት ሠዓሊዎች ጋር ሠርታለች፤ የሚያውቋት ሰው ነበረች። ታሪኩን ለመናገር የወሰኑት ደግሞ ራሳቸው ኒያሪ ናቸው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣቶች ጋር ሆነን የአንዲት እናት ቤት በስልክ ቀርጸን ነበር፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ባዶውን ድስት፣ ሁሉንም። እሑድ በፕሮጀክተር አሳየነው፤ መባውም ጥሩ መጣ። እማማ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው እስኪያልቅ ድረስ አላነሡትም። ቅረጹ ብለውናል፤ አሳዩ ግን አላሉንም። ልዩነቱን ያኔ አላወቅነውም። ሕብረታችሁ የአዛውንቶችን ምስክርነት ወይም የሰፈሩን ታሪክ ለመቅረጽ ካሰበ፣ ከመነጽርና ከካሜራ ዋጋ በፊት ይህን ተነጋገሩበት፦ የመጀመሪያው ተመልካች ማን ነው? «ይቅር» ቢል ትተዉታላችሁ?

ፊልሙ ያለ እንከን አይደለም። ትረካውን የያዘችው ራሷ ዎልዎርዝ ናት፤ ድምፅዋ የረጋ ቢሆንም አንዳንድ ቦታ ዝም ብላ ሽማግሌውን በራሳቸው ቋንቋ ረዘም አድርጋ ብታሰማን እመርጥ ነበር። ከመጀመሪያ መድረኮቹ አንዱ በጥር 2016 የዳቮስ ጉባኤ መሆኑም ግራ አጋብቶኛል። ግማሹ ልቤ ውሳኔ የሚሰጡ ሰዎች ማየታቸው ተገቢ ነው ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ መነጽሩን አውልቀው ወደ ምሳ የሄዱትን ያስባል። በ2017 የኤሚ ሽልማትም አግኝቷል።

የምትመለከቱት ከሆነ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀመጡና አንድ በአንድ ተራ ያዙ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲታይ ብዙው ይጠፋል። በተለይ የእሳቱን ክፍል ጠብቁ። ማርቱዎች ሣሩን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያቃጥሉም፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት እየለኮሱ አዲስ ሣር እንዲበቅልና ትልቅ ቃጠሎ እንዳይነሣ ያደርጋሉ። ካሜራው ከላይ ሆኖ ሲያሳየው ምድሩ በየጥግ ጥጉ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ያን ጊዜ ወደ ታች ተመልከቱ፤ እኔ ቸኩዬ ሰማዩን ሳይ አምልጦኝ ለሁለተኛ ጊዜ ነው ያየሁት።